ስብሰባው በጸሎት ሲከፈት፦ መንግሥትና ሃይማኖት የሚለያዩት የት ላይ ነው?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል። «በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት የተሾሙት ኃላፊያችን የሰኞ ጠዋቱን ስብሰባ በጸሎት ነው የሚያስጀምሩት። የሌላ እምነት ተከታዮች የሆንነው አንገታችንን ደፍተን እናሳልፋለን። ነገሩን ለአንድ ባልደረባዬ ሳነሳለት ‹አገሩ የአማኝ አገር ነው፤ መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ የሚባለው የፈረንጅ ነገር ነው› አለኝ። ሕጉ ምን ይላል? እርስዎስ ሃይማኖትና ፖለቲካ መለያየት አለባቸው ይላሉ?»

የኃላፊዎን ሃይማኖት አለመጥቀስዎን ወድጄዋለሁ። ጠቅሰውት ቢሆን ኖሮ ግማሹ አንባቢ መልሱን ሳያነብ ፈርዶ ይጨርስ ነበር። ለመልሱም ቢሆን የሚቀይረው ነገር የለም።

ለቸኮለ ሰው፦ ኃላፊዎ ቢሯቸውን ዘግተው ቢጸልዩ፣ የሃይማኖታቸውን ምልክት አንገታቸው ላይ ቢያስሩ ወይም ራሳቸው ላይ ቢያደርጉ፣ ማንም ሊጠይቃቸው አይገባም። የመንግሥትን ስብሰባ በአንድ እምነት ጸሎት መክፈት ግን ሕገ መንግሥቱን ይጋፋል። መለያየት አለባቸው ወይ ለሚለውም መልሴ አዎ ነው። ባልደረባዎ ይህን ሲሰሙ ሃይማኖትን ከአደባባይ ለማባረር የተሸረበ ነገር ይመስላቸው ይሆናል። እኔ ግን መለያየትን የምደግፈው ዋናው ምክንያቴ፣ በዚህ አገር መንግሥትና ሃይማኖት በተደበላለቁ ቁጥር ይበልጥ ሲጎዳ ያየሁት ሃይማኖቱን ስለሆነ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 አጭር ነው። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፤ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። አንቀጽ 27 ደግሞ የእያንዳንዱን ሰው መብት ይዘረዝራል። ለእርስዎ ጥያቄ የሚጠቅመው ንዑስ አንቀጽ 3 ነው፤ የማንም ሰው የእምነት ነፃነት በኃይል ወይም «በሌላ ሁኔታ በማስገደድ» ሊገደብ እንደማይችል ይደነግጋል። የሥራ አፈጻጸምዎን የሚሞላው፣ ዕድገትዎን የሚፈርመው፣ የዓመት ፈቃድዎን የሚያጸድቀው ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሲጸልይ አብሮ መቆም ከዚህ «ሌላ ሁኔታ» ውስጥ ይገባል ባይ ነኝ። ማንም በዱላ አላስገደደዎትም። ወጥተው ኮሪደር ላይ ቢቆሙ ግን ዓይን ውስጥ እንደሚገቡ ያውቃሉ፤ ኃላፊውም ያውቃሉ።

እዚህ ላይ ሰውየውንና ወንበሩን መለየት ያስፈልጋል። ሰውየው ሃይማኖት አለው፤ ሲሾም ሃይማኖቱን በር ላይ እንዲጥል የሚያዝ ሕግ የለም። ወንበሩ ግን ሃይማኖት የለውም። ከወንበሩ የሚወጣ ደብዳቤ፣ በወንበሩ ስም የሚጠራ ስብሰባ፣ የወንበሩ መኪናና ነዳጅ የሁሉም ግብር ከፋይ ነው።

አሁን «የፈረንጅ ነገር» ወደሚለው ልምጣ። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ተሰብከው ካቶሊክነትን የመንግሥት ሃይማኖት ሲያደርጉ አገሩ እርስ በርሱ ተላለቀ። እ.ኤ.አ. በ1632 የቀድሞው እምነት ይመለስ ብለው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ የለቀቁት ደሙ ካስመረራቸው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የቤተ ክርስቲያኒቱን የውስጥ ክርክር በመንግሥት ሥልጣን ዘጉት፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ከተራው ሕዝብ ደግሞ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረ ነበር፣ አሻፈረኝ ብሎ የተሰደደና የሸፈተም ነበር። ይህን ያየ አገር መንግሥትና ሃይማኖትን ለመለየት ከማንም ሐሳብ መዋስ አያስፈልገውም።

«አገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለው አባባል ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጋር ተያይዞ ይነሳል። በዚያው ዘመን የወጣው የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አደረገ። ንጉሠ ነገሥቱ ምን ጊዜም የዚያ እምነት ተከታይ እንዲሆን፣ ስሙም በጸሎት ሁሉ እንዲጠራ ደነገገ። ሙስሊሙና ሌላው ዜጋ በዚህ ድንጋጌ ሥር ምን እንደተሰማው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በወጣው ታላቅ ሰልፍ ታይቷል፤ በሰልፉ ላይ የሃይማኖት እኩልነት ይከበር ብለው አብረው የወጡ ክርስቲያኖች እንደነበሩም መዘንጋት የለበትም። እኔ ግን ብዙዎች የሚያልፉትን ቀጣዩን አንቀጽ 127ን እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ። የሊቀ ጳጳሱና የጳጳሳቱ ምርጫ የንጉሡን ማጽደቅ ይጠይቃል ይላል። ቤተ ክርስቲያኒቱ የመንግሥት ስትባል ከክብሩ ጋር ልጓሙም መጣ።

ንጉሡ ሲወርዱ ልጓሙ አብሯቸው አልወረደም። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት ሲወርስ የቤተ ክርስቲያኒቱንም ወሰደ። በ1968 ዓ.ም. ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፤ በሕይወት እያሉም ሌላ ፓትርያርክ በቦታቸው ተቀመጠ፤ የእስክንድርያዋ ቤተ ክርስቲያን ይህን አልቀበልም አለች። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም የተገደሉት በዚያው ዓመት ነው። እግዚአብሔር የለም የሚለው ሥርዓት ፓትርያርክ ማን ይሁን በሚለው ጉዳይ እጁን ማስገባቱ ሊያስገርም ይችላል፤ ሥልጣን ግን ሕዝብ የሚሰማውን ሰው ከእጁ ማውጣት አይወድም፣ ያምን አያምን ለውጥ የለውም።

ለትዝብት ያህል፣ የ1980ው የኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 46 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ብሎ ነበር። ከላዩ ግን የሃይማኖት ነፃነት የመንግሥትንና የአብዮቱን ጥቅም በሚቃረን መንገድ ሊሠራበት አይችልም የሚል ሐረግ ተቀምጧል። የአብዮቱን ጥቅም የሚተረጉመው ማን እንደነበር ለእርስዎ አልነግርም።

ከ1987 ወዲህም የተፈተነው ይኸው መንግሥት ጣልቃ አይገባም የሚለው ክፍል ነው። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ትምህርት ቤት ተነስቶ በየመስጊዱ የተዳረሰው የሙስሊሞች ተቃውሞ ዋና ጥያቄ ይህ ነበር፤ መንግሥት አንድን አስተምህሮ በሥልጠና እየገፋብን ነው፣ የመጅሊሱ (የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት) ምርጫም በቀበሌ ሳይሆን በመስጊድ ይካሄድ የሚል። መንግሥት አክራሪነትን እየተከላከልኩ ነው አለ። ምርጫው በቀበሌ ተካሄደ፤ ጥያቄውን ያቀረቡት የኮሚቴው አባላት ታስረው በ2007 ዓ.ም. በሽብር ወንጀል ረጅም እስራት ተፈረደባቸው፤ በኋላ ተፈቱ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶሱ ዕውቅና ውጪ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሲሾሙ፣ ሲኖዶሱ የመንግሥት አካላት ለአንዱ ወገን አግዘዋል ብሎ በይፋ ከሰሰ፤ መንግሥት ክሱን አልተቀበለም። ጉዳዩ በስምምነት እስኪያዝ ድረስ ሰዎች ሞተዋል። ሁለቱ ጉዳዮች በብዙ ነገር ይለያያሉ። ሁለቱም ላይ ግን አማኙ ያነሳው ቅሬታ ሃይማኖታችንን ለእኛ ተዉልን የሚል ነው። ባልደረባዎ ይህን ቅሬታ የፈረንጅ ነው ይሉታል ብዬ አልገምትም።

እስካሁን ካልኩት መንግሥትና ሃይማኖት ፍጹም እንዳይነካኩ አጥር ይታጠር የምል ከመሰለዎት ግን አይደለም። እንዲያ ያለ አጥር በኢትዮጵያ ሊኖርም አይችልም። አንዱን ምክንያት ብቻ ልንገርዎ፤ መሬት። ከ1967 ወዲህ መሬት በግል የሚሸጥ የሚለወጥ አይደለም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የጸሎት ቤት ወይም የመቃብር ቦታ የፈለገ ሁሉ ማዘጋጃ ቤት ደጅ ይጠናል። ፈረንሳይ በ1905 ሕጓ መንግሥት ለአምልኮ ገንዘብ አያወጣም ስትል፣ አማኞች ከፈለጉ መሬት ገዝተው መሥራት ይችላሉ። እኛ ዘንድ «አያገባኝም» የሚል ከተማ አስተዳደር ሁሉንም መከልከሉ ነው። እዚህ የሚፈለገው ግልጽ መስፈርት ነው፤ ስንት አማኝ ላለበት ስንት ካሬ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ መልስ፣ ቢከለከል ይግባኝ ወዴት። የመሬት ጠብ ብዙ ጊዜ የሃይማኖት ጠብ ሆኖ የሚፈነዳው መስፈርቱ ስለማይታይና የተከለከለው ወገን ምክንያቱን በራሱ ስለሚተረጉመው ነው።

የሕግ ሰውነት (በራስ ስም ንብረት የመያዝ፣ የመክሰስና የመከሰስ ችሎታ) ነገርም እንዲሁ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 398 ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ብቻ በራሱ በሕጉ ሰውነት ሰጠ፤ ሌሎቹን ልዩ ሕግ እስኪወጣላቸው እንደ ማኅበር ይታዩ አለ። ለእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና ለወንጌል አማኞች ካውንስል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአዋጅ ሰውነት የሰጠው በ2012 ዓ.ም. ነው። 60 ዓመት ፈጀ።

ጥሩ ምሳሌም አለን። ቢሮዎ አርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ምሳ ይወጣል። ሌላ ቀን አንድ ሰዓት የሆነው ዕረፍት አርብ ሁለት ሰዓት የሆነው ለጁምዓ ነው። ሙስሊሙ ይሰግዳል፣ ሌላው ምሳውን ተዝናንቶ ይበላል ወይም ጉዳዩን ይፈጽማል። ማንም ማንንም አያየውም፣ ማንም ከማንም መልስ አይጠብቅም። መንግሥት ለእምነት ቦታ ሰጠ እንጂ እምነትን አልመራም። ከሰኞው ስብሰባዎ ጋር አስተያዩት።

አሁን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ልግባ፤ የእርስዎን ጉዳይ የሚፈታው ቁልፍ እዚያ አለ ብዬ ስለማምን ነው። «መንግሥትና ሃይማኖት ከተለያዩ ሸሪዓ ፍርድ ቤት በመንግሥት በጀት እንዴት ይኖራል?» የሚል ጥያቄ በየክፍሉ ከተማሪዎቼ ይነሳል። መነሻቸው ሩቅ ነው፤ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የቃዲዎችና የናኢቦች (የሸሪዓ ዳኞች) ምክር ቤቶች በአዋጅ ነበሩ። ዛሬ የፌዴራሎቹ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ይተዳደራሉ፤ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ናቸው። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ውርስ፣ ስጦታ፣ ኑዛዜ፣ ወቅፍ (ለሃይማኖት ወይም ለበጎ ሥራ የተሰጠ ንብረት) እና መሰል ጉዳዮችን ያያሉ። ቃዲው በመጅሊሱ አቅራቢነት በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ይሾማል፣ በጀቱ ከመንግሥት ነው። አጥር ለሚፈልግ ሰው ይህ ጉድ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ይህን የፈቀደው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ የሚችለው «በተከራካሪዎች ፈቃድ» ነው ይላል። ሁለቱም ከተስማሙ ይዳኙ፤ አንዱ እምቢ ካለ መደበኛ ፍርድ ቤት አለ። እኔ በዚህ ደንብ ችግር የለብኝም፤ እንዲያውም የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ርዕስ ካፈራቸው ጥሩ ነገሮች አንዱ ይመስለኛል። ችግሩ ያለው ፈቃዱ እንዴት ይታወቃል በሚለው ላይ ነው። አዋጁ፣ መጥሪያ ደርሶት ሳይቀርብ የቀረ ተከራካሪ እንደተስማማ ይቆጠራል፣ ጉዳዩም በሌለበት ይታያል ይላል። መጥሪያውን ባልዋ የተቀበለላት፣ ወንድሞቿን ፍርድ ቤት መጎተት ያፈረች፣ የትራንስፖርት ብር የሌላት ሴት ሁሉ በዚህ ስሌት «ፈቅዳለች»።

ቀርባ እንኳ እምቢ ያለች አልቀረላትም። አንዲት ሙስሊም ሴት በውርስ ክርክር በሸሪዓ ፍርድ ቤት ልዳኝ አልፈቅድም ብላ መቃወሚያ አቀረበች። ፍርድ ቤቱ ተቃውሞዋን አልፎ ፈረደ። በሸሪዓው ይግባኝ እስከ ላይ ሄዳ አልተሳካላትም፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትም መሠረታዊ የሕግ ስሕተት የለም አለ። በመጨረሻ ጉዳዩ በሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ በኩል ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ፣ ምክር ቤቱ ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ፍርድ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ሻረው። በቃሏ አልፈቅድም ያለችን ሴት ድምፅ ለመስማት የአገሪቱ የፍርድ መሰላል አንድ በአንድ መወጣት ነበረበት። ዝም ብትል ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብለው ያስቡ።

የእርስዎም ጥያቄ ይኸው ነው። የሰኞው ጸሎት የቆመው በዝምታዎ ላይ ነው። ኃላፊዎን ቢጠይቋቸው «ማንም አልተቃወመም፣ ሁሉም ደስተኛ ነው» ይላሉ፤ ውሸታቸውንም ላይሆን ይችላል፣ እውነት መስሏቸው ነው። በመንግሥት ቤት ውስጥ ሃይማኖት ሲገባ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ያልፈለገው ሰው ዋጋ ሳይከፍል መቅረት ይችላል ወይ? የአርቡ ዕረፍት ላይ ይችላል። ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመሄድ በእውነት በፈቀዱ ባልና ሚስት ላይ ይችላል። በሰኞው ስብሰባ አይችልም።

ከአገር ውጪ ሲታይም የመንግሥት ሃይማኖት መኖር አለመኖሩ ብቻውን ብዙ አይነግርም። እንግሊዝ መንግሥታዊ ቤተ ክርስቲያን አላት፤ 26 ጳጳሳት በላይኛው ምክር ቤት ይቀመጣሉ፣ ለንደን ያለው ሙስሊም ወገናችን ግን ለመጋባት የእነሱን ፈቃድ አይጠይቅም። ለማዘጋጃ ቤት ጋብቻ በር ክፍት ነው። እስራኤል ግን በአገር ውስጥ የሲቪል ጋብቻ የላትም፤ አይሁድ በራባኑት (በመንግሥት በተቋቋመው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት) በኩል ብቻ ነው የሚጋባው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቤተ እስራኤላውያን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሊቀ ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ አይሁድነታቸውን መስክረውላቸው፣ በኋላም ብዙ መከራ አልፈው በሱዳን በኩል ገብተው፣ ሊጋቡ ሲሉ ራባኑቱ በውኃ ገንዳ ውስጥ መጥለቅን የመሰለ ወደ አይሁድነት የመመለስ ሥርዓት ካልፈጸማችሁ አለ። ለሃይማኖቱ ሲል ስንቱን የተሸከመ ሕዝብ ሃይማኖትህን አረጋግጥ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1985 ኢየሩሳሌም ውስጥ ከራባኑቱ ፊት ለፊት ሳምንታት የፈጀ የመቀመጥ ተቃውሞ አደረጉ። ለዘመናት ሲያጋቧቸው የኖሩት ቄሶች ሥልጣናቸው በአዲሱ አገር አልታወቀም ነበር። ጋብቻውን የከለከለው የመንግሥት ማኅተም የያዘ የሃይማኖት ቢሮ ነው፤ ማኅተሙ ባይኖር ክርክሩ በሊቃውንት መካከል ይቀር ነበር።

ስለ ፖለቲካውም ጠይቀዋል። «ሃይማኖት በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም» የሚለውን አንዳንድ ባለሥልጣን፣ የሃይማኖት አባት ስለ ግድያ፣ ስለ መፈናቀል ወይም ስለ ኑሮ ውድነት ሲናገር አፍ ማስያዣ ያደርገዋል። አልስማማም። መናገር ጣልቃ መግባት አይደለም፤ የሃይማኖት አባትም ዜጋ ነው፣ የመናገር መብቱን በአንቀጽ 29 ይዟል። ጣልቃ መግባት ማለት ሹመት መምረጥ፣ ውሳኔ ማዘዝ፣ ምእመኑን በውግዘት አስፈራርቶ ለአንድ ፓርቲ ማስመረጥ ነው። የምርጫ ሕጉ በአምልኮ ቦታ ቅስቀሳን የሚከለክለውም ለዚህ ነው። ደግሞም ሰላም ሲደፈርስ የሃይማኖት አባቶችን ለቴሌቪዥን መግለጫ የሚጠራ መንግሥት፣ ሲተቹት «ፖለቲካ ውስጥ ገባችሁ» ማለት አያምርበትም።

ወደ ቢሮዎ ልመለስና ምን ያድርጉ? በመጀመሪያ ክስ አይጻፉ። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው፣ ቢቻል ከኃላፊው ጋር አንድ እምነት ያለው ባልደረባ ጨምረው፣ ለብቻቸው ያነጋግሯቸው። አብዛኛው እንዲህ ያለ ነገር በክፋት የሚደረግ አይደለም፤ ሰውየው መልካም ያደረጉ መስሏቸው ነው፣ ሲነገራቸው ይደነግጣሉ። አማራጭም ይዘው ይግቡ። እኛ አገር የሞተ ሰው ሲታሰብ ሁሉም ተነስቶ የኅሊና ጸሎት ያደርጋል፤ አንድ ደቂቃ ጸጥታ፣ እያንዳንዱ በልቡ ያሻውን። ስብሰባው በዚያ ቢከፈት ኃላፊው ጸሎታቸውን አላጡም፣ እርስዎም መልስ አይጠበቅብዎትም።

እምቢ ካሉ ነገሩን በጽሑፍ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ያቅርቡ፤ አንቀጽ 11ንና አንቀጽ 27ን ይጥቀሱ፣ ቀኑንና የተባለውን ያስፍሩ፣ የኃላፊውን እምነት የሚነካ አንድም ቃል አይጻፉ። ከዚያ በላይ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አሉ። የደብዳቤውን ግልባጭ ግን ቢሮ ውስጥ አያስቀምጡ፤ ቤትዎ ይሁን።